የኢንተርኔት ሱቃችንና የሲሚንቶው መጋዘን

ለተከበሩ አቶ ስማቸው ታከለ
የደጋ ባና ፈታዮችና ሸማኞች ማኅበር ሊቀመንበር
ጎንደር

ጉዳዩ፦ ስለ ሁለተኛው የምረቃ ጥሪ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር፣ አያ ስማቸው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ሕመም ለቀቅ አድርጎዎት፣ የባለቤትዎ የወይዘሮ ሸዋአየሁም ስኳር ረግቶላቸው፣ ቤት ያፈራው ሁሉ ሰላም ሆኖ ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ዱዓዬ ነው። እኔ ጎረቤትዎና የማኅበሩ አባል የሆንኩት ሸማኔው ሷሊሕ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በአንድ አጥር ተለያይተን የምንኖር ሰዎች ሆነን ሳለ ጤናዎን በግልጽ ደብዳቤ መጠየቄ ሊያስገርምዎ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ በአጥሩ በኩል የሚመላለሱት የእርስዎ ዶሮዎች ብቻ ስለሆኑ፣ እነርሱም መልእክት የማድረስ ልማድ ስለሌላቸው፣ ይህን መንገድ መርጫለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቁጥር ደ.ባ. 112 የተጻፈውና ክብ ማኅተም ያረፈበት የጥሪ ደብዳቤዎ ነው። በደብዳቤው ላይ የማኅበራችን የኢንተርኔት ሱቅ “በአዲስ መልክ ተሻሽሎ” በመጪው ቅዳሜ ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚመረቅ፣ ሱቁን የሠራው አቶ ጌታቸው፣ ሁላችንም ጌቾ የምንለው፣ የምስክር ወረቀትና በርኖስ እንደሚሸለም፣ እኔም በሽመና ላይ ያለውን በርኖስ አጠናቅቄ “ለሱቁ ሠሪ ይሆን ዘንድ” እስከ ዓርብ እንዳስረክብ ተገልጿል። ስለተሰጠኝ ክብር አመሰግናለሁ። በርኖሱን እየጨረስኩት ነው። እጄ ሥራ ላይ እያለ አፌ ዝም ማለት ስላቃተው ግን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ነውና ለሚያነበው ሌላ ሰው ነገሩ እንግዳ እንዳይሆንበት፣ እርስዎ የሚያውቁትን ባጭሩ ልድገመው። ማኅበራችን ስልሳ አራት ሰው ነው። ከደባርቅ እስከ ዛሪማ መውረጃ ባለው ደጋ ያሉ እናቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ ጎንደር ያለነው ሸማኞች ከእርሱ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለውን ካባ እንሠራለን። ድሮ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፈው እንግዳ እግረ መንገዱን እየገዛ ያኖረን ነበር። መንገዱ ጭር ካለ ወዲህ ሥራችን መደርደሪያ ላይ ተከምሮ ቀረ፤ ስለዚህ አምና፣ ሰው ባለበት ሆኖ በስልኩ አይቶ የሚገዛበት ሱቅ እናሠራ ብለን በጠቅላላ ጉባኤ ወሰንን። የቀረን ነገር ማን ይሥራው የሚለው ብቻ ነበር።

ልጄ ዐዚዛ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ኮምፒዩተር ተምራ የጨረሰች ናት። ጉባኤው ከተበተነ ወር ሳይሞላ የራሷን ናሙና ሠርታ አመጣች። ዐሥራ አራት ዕቃ ነበረበት፤ በእያንዳንዱም ሥር ማን እንደፈተለው፣ ማን እንደሸመነው ተጽፎ ነበር። ዛሪማ ገበያ ድረስ ወርዳ ለወይዘሮ ወለላ፣ ማለትም ከሁሉም አጥብቃና አቅጥና ለምትፈትልልን ሴት፣ ከስልኩ ላይ ስሟን ስታነብላት፣ ሴትየዋ “እስቲ ድገሚው ልጄ” እያለች ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። ሐዋሳ ያለ አንድ መምህር ናሙናው ላይ አይቶ በርኖስ አዘዘ፤ በሳምንቱ ደረሰው፤ ለብሶ የተነሣውን ፎቶም ላከልን። ዐዚዛ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ነበር። “ሱቁን እኔ ከሠራሁት እዚሁ እቀራለሁ” ብላ መልሱን አዘገየችው። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እናቷ ካረፈችም ስምንት ዓመት ሆኗታል። እንግዲህ ለሌላው ሰው የሱቅ ጉዳይ የነበረው ነገር ለእኔ ምን እንደነበረ እርስዎም፣ አጥሩም ያውቃሉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ. ባለፈው ዒድ አልፈጥር ቤቴ ድረስ መጥተው ስለጎበኙኝ አመሰግናለሁ። እንደ ሁልጊዜው በክርስቲያን እጅ ለእርስዎ ለብቻ የታረደው ቀርቦልዎት፣ በልተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ልጄን መርቀው፣ ከዚያ እጄን ይዘው ወደ በረንዳ አወጡኝ። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ረስተውት ከሆነ እነሆ፦ “ሷሊሕ ወንድሜ፣ የሰው አፍ ክፉ ነው። አንተ መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጠህ ልጅህ ብትወዳደር ምን ይሉናል? አንተም ከኮሚቴው ውጣ፣ ልጅቱም ትተወው። እኔ ዘመድ አዝማድ የሌለበት ሸጋ ባለሙያ አመጣለሁ፤ ማርያምን!” እኔ ሙስሊም ብሆንም እርስዎ በማርያም ሲምሉ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። የልጄን ኒካሕ ቢሆን እንኳ ከእርስዎ ሳልመክር አላደርገውም ነበር። ከሁለቱ አንዱ በቂ እንደነበረ፣ እኔ ከኮሚቴው ወጥቼ እርሷ ብትወዳደር ማንም አፉን ሊከፍት እንደማይችል ያኔ አልታየኝም፤ እርስዎ ግን የማኅበር ሥራ የለመዱ ሰው ነዎትና ሳይታይዎት አልቀረም።

እኔም ከኮሚቴው ወጣሁ፤ ልጄንም ጠርቼ ተይው አልኳት። ምክንያቱን ስነግራት “ምነው አባዬ፣ እኔ ሥራዬን ይዩልኝ አልኩ እንጂ ልጅነቴን መች አቀረብኩ?” አለችኝ። የሰው አፍ፣ የሰው አፍ እያልኩ የእርስዎን ቃል ደገምኩላት። እርሷም “እሺ” ብላ ኮምፒዩተሯን ዘጋች። ድሮም የማትከራከረኝ ብትሆን ኖሮ ያቺ “እሺ” እንዲህ ባልከበደችኝ ነበር፤ ልጄ ግን ከእኔ ጋር ስትከራከር ያደገች ናት፤ እሺ ብላኝ የማታውቅ ልጅ ናት እሺ ያለችኝ።

2ኛ. ስለ አመራረጡ ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ ቤዛዊት፣ የማንኛውም አባል መብት ነውና፣ ቃለ ጉባኤውን ስጠይቃት አሳይታኛለች። ከእርሱ እንደተረዳሁት ኮሚቴው አዲስ መመዘኛ በማውጣት ጊዜ ላለማባከን ሲል፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የመጋዘናችንን አጥር ለማስገንባት ግንበኞችን ያወዳደርንበትን ቅጽ አውጥቶ፣ “ግንበኛ” የሚለውን በ“ዌብሳይት ሠሪ” ተክቶ፣ የቀረውን እንዳለ ተጠቅሞበታል። ማኅተም ያለበት የሥራ ልምድ፣ ሠላሳ ነጥብ። የድጋፍ ደብዳቤ፣ ሃያ አምስት። ቋሚ ቢሮና የግድግዳ ሰሌዳ፣ ዐሥራ አምስት። የቃለ መጠይቅ ሥነ ምግባር፣ ዐሥራ አምስት። ሲሚንቶና ብረት ከዝናብ የሚጠበቅበት መጋዘን፣ ዐሥር። ቀደም ሲል የተሠራ ሥራ በአካል ታይቶ፣ አምስት።

በዚህ ቅጽ የተወዳደሩት ሁለት ነበሩ። አንደኛው ልጅ ሠርቶ ያስረከባቸውን ሦስት ሱቆች በስልኩ ይዞ መጥቶ፣ እዚያው ፊታችሁ ከአንዱ ላይ ጫማ ገዝቶ አሳይቷችሁ፣ ከአምስቱ አምስት አግኝቶ፣ ማኅተምና መጋዘን ስላልነበረው ወድቋል። ጌቾ የሠራው ሱቅ ስላልነበረ ከአምስቱ ዜሮ አግኝቷል፤ ነገር ግን ዐሥራ አንድ ማኅተም ያለባቸው ወረቀቶች አቅርቧል። ከእነዚህም ውስጥ ሁለቱ ለኮምፒዩተር ጥገና፣ አንዱ ለደም ልገሳ፣ አንዱ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎት የተሰጡ ናቸው። በመጋዘኑ ረድፍም ሳንጃ ከተማ ያለውን የአባቱን የሰሊጥ መጋዘን ጽፎ ዐሥሩን ነጥብ ሙሉ ወስዷል። ኮሚቴው ይህን ሲያጸድቅ የኢንተርኔት ሱቅ ሲሚንቶ ምን ያደርግለታል ብሎ የጠየቀ ሰው በቃለ ጉባኤው ላይ አልተመዘገበም። ጌቾ የወይዘሮ ሸዋአየሁ የእህት ልጅ መሆኑም አልተመዘገበም፤ ይህ ምናልባት ሁሉም ስለሚያውቀው ወረቀት ለመቆጠብ ይሆናል።

እዚህ ላይ በጨዋነት ቋንቋ ልለፈው ብዬ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ከድተውኛል አያ ስማቸው። ልጄን በማርያም ስም አስወጥተው የሚስትዎን የእህት ልጅ አስገቡ።

3ኛ. ስለ መጀመሪያው ምረቃ አመሰግናለሁ። ሰኔ ላይ ነበር፤ አዳራሽ ተከራይተን፣ ከደጋ እናቶችን በመኪና አስመጥተን፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኮምፒዩተር ተቀመጠ። ሱቁ በር ስለሌለው ሪባኑ በኮምፒዩተሩ ዙሪያ ተጠምጥሞ፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩን እንዳሰረ ሰው አናቱ ላይ ተቋጥሮ ነበር። እርስዎ በመቀስ ቆረጡት፤ አጨበጨብን። ጌቾ ሊከፍተው ሲል ኔትወርክ ጠፋ፤ ስለዚህ የሱቁን ፎቶ አሳየን። እኛም ለፎቶው አጨበጨብን። በዕለቱ የተናገሩት የዐርባ ደቂቃ ንግግር ቅጂ ስላለኝ እንደገና አመሰግናለሁ፤ ክር የማጠነጥነው በእርሱ ላይ ነው።

4ኛ. ስለ ሱቁ ስለራሱ አመሰግናለሁ። ኔትወርክ ሲመለስ በዘመድ ስልክ ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያ የሚመጣው ምስልዎ ነው፤ ከጠረጴዛዎ ኋላ ተቀምጠው፣ እስክሪብቶ ይዘው። ምስሉ ትልቅ ስለሆነ እስኪከፈት ድረስ ሰው አንድ ማግ ወርውሮ ይመለሳል። ከሥሩ “የሊቀመንበሩ መልእክት” አለ፤ ከእርሱ ሥር ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት፤ ከእርሱ ሥር ከእርስዎ ጀምሮ እስከ ዘበኛው የሚወርደው የሥልጣን ተዋረድ በሣጥንና በቀስት። ባናው ከሁሉ ሥር ነው። ስንወርድ ስንወርድ ደረስንበት። የማንም ስም የለበትም፤ “ምርት ቁጥር 1፣ ምርት ቁጥር 2” ይላል።

በጎቻችን ናቸው ተብሎ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ ጌቾ ከኢንተርኔት ያገኘው የሌላ አገር እንስሳ ነው፤ ጠጉሩ እውነትም ያምራል፣ ነገር ግን አንገቱ ቆሞ ከሚሄድ ሰው ይረዝማል። ክር ልረከብ በወረድኩበት ቀን ወይዘሮ ወለላ ይህንን ዛሪማ ገበያ ላይ በሰው ስልክ አየች። ቀና ብላ “ምነው አያ ሷሊሕ፣ ይህን በግ አንገቱን ማን ሳበው?” አለችኝ። ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። ስልኩን አገላብጣ ስሟን ፈለገች። “የበፊቱ ላይ ነበርኩ እኮ” አለች። አሁን ግን እንደሌለችበት የምነግርበትን ሸጋ ቃል አላገኘሁም፤ ኔትወርክ ነው አልኳት።

“ይግዙ” የሚለውም ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ይወርዳል። ገዢው ቅጹን አትሞ፣ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ አያይዞ፣ በሥራ ሰዓት ቢሮ ቁጥር 7 በአካል ቀርቦ ካስረከበ በኋላ ጥያቄው በመዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ለእርስዎ ይመራል። ያ የሐዋሳው መምህር ለእናቱ ባና ሊደግም ፈልጎ ደውሎልኝ፣ “ይቅርታ ጋሼ፣ ጎንደር ድረስ መምጣት አለብኝ ማለት ነው?” ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ሰው ባለበት ሆኖ እንዲገዛ ብለን ያሠራነው ሱቅ ሰውን ከሐዋሳ ጎንደር የሚያስመጣ ሆነ። ይህ ለቱሪዝም መነቃቃት ያደረጉት አስተዋጽኦ ከሆነ አልተረዳሁትም ነበርና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

5ኛ. በክረምቱ ብል ገባ። መደርደሪያ ላይ ሳይሸጥ ከተከመረው ሠላሳ ባና ሰባቱን በላ። ስለዚህ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ፤ ቁጥሩን ግን አልዘልም።

6ኛ. ልጄ ግንቦት ላይ ሄደች። ያቺ ያዘገየችው ሥራ ገና አልተያዘም ነበርና እሺ ብላ ጻፈችላቸው፤ ለእሺ እጇ ተፈትቶ ነበር መሰለኝ። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። ልትሳፈር ስትል ዞራ እንደ ልማዷ ትስመኛለች ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ እጄን ጨበጠችኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ ሃያ አራት ዓመት ያሳደግኳት ልጅ እንደ ቢሮ ሰው እጄን ጨብጣኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ በየዐሥራ አምስት ቀኑ ትደውላለች፤ ጤናዬን ትጠይቃለች፤ ስለ ሥራ ግን አንዲት ቃል አታነሣም። እኔም አልጠይቃትም። ምን ብዬ?

7ኛ. የመጨረሻውና ከልቤ የሆነው ምስጋና ለእርስዎ ሳይሆን ለጌቾ ነው። ልጁን አልጠላውም፤ ክፉም አይደለም። ከዐዚዛ ጋር አንድ ክፍል ነበሩ፤ ያኔም የቤት ሥራ ሲከብደው ወደ እርሷ እንደሚሄድ ማራኪ የኖረ ሁሉ ያውቃል። መስከረም ላይ እርስዎ “ሱቁ ምነው አይሸጥም?” ብለው ሲቆጡት ምን አደረገ? ሌላ ማኅተም ፍለጋ አልሄደም። መጋዘን አላሠራም። ስልኩን አንሥቶ አዲስ አበባ ደወለና “ዐዚዛ፣ በአላህ ይሁንብሽ፣ አውጪኝ” አላት። እንግዲህ ሥራ የሚያውቀውን ሰው ከማያውቀው ለይቶ በመምረጥ ረገድ፣ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ በሦስት ስብሰባና በአንድ ቅጽ ያልቻለውን ነገር ጌቾ በአንድ ስልክ ጥሪ ችሎታል። ለመራጭነቱ ከሆነ ሽልማቱ ይገባዋል።

ይህንን ያወቅኩት ከራሷ ነው። አንድ ቀን ደወለችና ጤናዬን ሳትጠይቅ “አባዬ፣ ሱቃችሁ እኔ ጋ መጣ” አለችኝ። ከዚያም አንድ ባና ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ በርኖስ ለመሸመን ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ከዛሪማ ክር የሚመጣው በየስንት ጊዜው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። እኔም ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ጨረታ ላይ እንዳለ ተወዳዳሪ አንድ በአንድ መለስኩ። መጨረሻ ላይ “ለጌቾ ብዬ አይደለም” አለች፤ “የእማማ ወለላ ባና ብል እንዳይበላው ነው። ስሜን ግን እንዳታነሣ፣ የሰው አፍ ክፉ ነው።” የእኔን ቃል፣ ማለትም የእርስዎን ቃል፣ መለሰችልኝ። ለእኔስ ብለሽ አይደለም ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ አልደፈርኩም።

በሥራ ቦታዋ የዕረፍት ሰዓቷን እየሠዋች በአምስት ሳምንት ሠራችው። ቅዳሜ የሚመርቁት እርሱን ነው። ያ ሁሉ ተዋረድ “ስለ እኛ” የሚል ገጽ ውስጥ ገብቷል፤ ምስልዎም እዚያው አለ፣ ሰው ከፈለገ ያገኘዎታል። የሚከፈተው በባና ነው። በጎቹም የእኛው ሆነው አንገታቸው በልኩ ተመልሷል። በሙከራው ጊዜ የሐዋሳው መምህር ሐዋሳ ሆኖ ገዝቷል።

አያ ስማቸው፣ ይህን ሁሉ ስጽፍ ራሴን ነፃ እያወጣሁ እንዳይመስልዎ። እርስዎ የከዱት ጎረቤትዎን ነው፤ እኔ የከዳሁት ልጄን ነው። ሥራዋ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ፣ ሐዋሳ የደረሰ በርኖስ በዓይኔ አይቼ፣ ወይዘሮ ወለላ በስሟ ስትደሰት በጆሮዬ ሰምቼ፣ ሁሉንም ትቼ ሰው ምን ይላል የሚለውን መረጥኩ። እርስዎ ማን ይሥራው በተባለ ጊዜ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁ፤ እኔም የጠየቅኩት ያንኑ ጥያቄ ነው። ልዩነታችን፣ እርስዎ የማን ልጅ ነው ብለው አስገቡ፤ እኔ የማን ልጅ ናት ብዬ አስወጣሁ። ለእርስዎ ቅዳሜ ጭብጨባ አለልዎት። ለእኔ ያለኝ በየዐሥራ አምስት ቀኑ የምትደወል ስልክ ናት።

እንግዲህ በርኖሱን በታዘዝኩት መሠረት ዓርብ ከሰዓት በፊት ለቢሮ ቁጥር 7 አስረክባለሁ። ደብዳቤዎ “ለሱቁ ሠሪ ይሆን ዘንድ” ስለሚል፣ ትእዛዝ አክባሪ እንደመሆኔ መጠን የተሠራው በሱቁ ሠሪ ልክ ነው። ጌቾ ረጅም ልጅ ስለሆነ ከጉልበቱ በላይ ቢቀርበት፣ ትከሻውም አልገባ ቢለው ጥፋቱን በእኔ ሸማኔነት ላይ እንዳያደርጉት በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።

ይህ ደብዳቤ ማኅተም የለውም፤ ስለዚህ በእርስዎ መመዘኛ ከመቶ ሠላሳ አጥቶ እንደጀመረ አውቃለሁ። የድጋፍ ደብዳቤም አላያያዝኩበትም። የተጻፈው ግን በእጄ ነው፤ በአካል ታይቶ አምስት ነጥብ ቢያገኝ ደስታዬ ነው።

ለረጅም ዕድሜዎ፣ ለቤትዎ ሰላም፣ ለዶሮዎችዎም ጤና እየጸለይኩ፣ ጎረቤትዎ፣ አባልዎ፣ ሠላሳ ዓመት በመሐላዎ አማኝ የነበርኩት፣

ሷሊሕ ዐብዱልከሪም፣ ሸማኔ
አዲስ ዓለም፣ ጎንደር

ግልባጭ፦
ለመራጭ ኮሚቴው አባላት፣ በያሉበት
ለወይዘሮ ወለላ፣ ዛሪማ ገበያ፣ ሰው ሦስት ጊዜ እንዲያነብላት
ለሐዋሳው መምህር፣ እንዳይመጡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስሜን አታንሣ ያለችኝን ልጅ ስም እንዴት በአደባባይ አነሣህ ብለው ይቆጡኝ ይሆናል። አላነሣም ብዬ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ቤዛዊት የቅዳሜውን ሱቅ አስቀድማ በስልኳ አሳየችኝ። በእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የፈታይና የሸማኔ ስም ተመልሷል። በወይዘሮ ወለላ ባና ሥር “ፈታይ፦ ወለላ፣ ዛሪማ አጠገብ ካለው ደጋ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈትላለች” ይላል። ወደ እኔ በርኖስ ወረድኩ። “ሸማኔ፦ ሷሊሕ ዐብዱልከሪም” ይላል፤ ስንት ዓመት እንደሸመንኩ አይናገርም። በዚያ ፋንታ “የዐዚዛ አባት” ይላል። ቤዛዊትን ድገሚው አልኳት፤ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ከምረቃው በፊት ኮሚቴው ይህ ዝምድናን ስለሚያሳይ ይጥፋልን ብሎ ሊወስን እንደሚችል እገምታለሁ፤ ከወሰነም ተቃውሞ የለኝም። ማጥፋት የምትችለው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ስልክ ቁጥሯን ጌቾ ያውቀዋል።